ከበረሃ የተገኘው ስልክ

በሐረር ከተማ ከጅብ ቀጥሎ ሰው በማስፈራራት የሚታወቅ ፍጡር ቢኖር እኔ ነኝ። «ቀጥሎ» ያልኩት ለትሕትና ነው እንጂ፣ እውነቱ ይውጣ ከተባለ ጅብንም እበልጣለሁ። ከቪዲዮ ቤቴ ስንቱ ጎበዝ እየጮኸ ወጥቷል! ስንቱ ሽማግሌ ጋቢውን ጥሎ ሮጧል! አንዲት ነፍሰ ጡር ደግሞ ፊልሙ ሳያልቅ መንታ ወልዳ አንዱን በኔ ስም ጠርታዋለች።

ይህን ሁሉ የማወራው እኔው ነኝ፤ ሌላ ምስክር የለኝም። ሲጀመር ሐረር ውስጥ ጅብ ራሱ አያስፈራም። በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ቆሻሻችንን የሚጠርግልንን፣ ሰው በአፉ በያዘው እንጨት ሥጋ የሚያጎርሰውን እንስሳ ማን ይፈራዋል? እኔ ደግሞ ከሱም በታች ነኝ። አዳራሼ ከሚገባው ሰው ግማሹ ጫቱን የሚቅምበት ጥላ ያለው የበርጫ ቦታ ፈልጎ ነው፣ ግማሹ ለመተኛት። እየጮኸ የወጣ አንድ ሰው ብቻ አስታውሳለሁ፤ እሱንም ተረከዙን አይጥ ነክሳው ነው።

ቪዲዮ ቤቱ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ላይ፣ ከእህል መጋዘን በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። አግዳሚ ወንበሮች፣ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ሲሞቀው የሚያስነጥስ ፕሮጀክተርና አንድ ሞንታርቦ አለኝ። ባለቤቴ በር ላይ ትኬት ትቆርጣለች፣ ለስላሳ ትሸጣለች። እኔ ከኋላ ማይክ ይዤ እቀመጥና ፈረንጆቹ የሚያወሩትን እየተከተልኩ በአማርኛ እተረጉማለሁ። አገሩ ሐረር ነውና ኦሮምኛም ሐረሪኛም ጣል አደርግበታለሁ። ከተማው ሁሉ የሚያውቀኝ «ተርጓሚው» በሚለው ስም ነው።

የማሳየው አስፈሪ ፊልም ብቻ ነው፤ እሱንም የርካሹን። ውድ አስፈሪ ፊልም እንደ ውድ በግ ነው፣ እኛ ሰፈር ሳይደርስ ያልቃል። ርካሹን በፖስተሩ ታውቁታላችሁ። ፖስተሩ ላይ ከተማ የሚውጥ አውሬ፣ ፀጉሯ የቆመ ቆንጆ ልጅና እንደ ጎርፍ የሚወርድ ደም አለ። ገብታችሁ ስታዩት ሰዎች አንድ ሰዓት ሙሉ በር ይከፍታሉ፣ በር ይዘጋሉ። ደሙ የቲማቲም ድልህ ነው። ከተማ ይውጣል የተባለው አውሬ ደግሞ የዝናብ ልብስ የለበሰ የአዘጋጁ አማች ነው፤ ይህን በመረጃ አልናገርም፣ አረማመዱ ግን የአማች ነው፣ ሥራ የተሰጠው ለይሉኝታ መሆኑ ያስታውቃል። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ፖስተሩን አሥለው፣ ከዚያ በተረፈችው ገንዘብ ፊልሙን የሚሠሩ ይመስለኛል። አልፈርድባቸውም። በነሱ ውሸት ላይ የራሴን ውሸት ደርቤ እንጀራዬን በልቻለሁ።

አንድ ጊዜ ሰው ተኩላ ሲሆን የሚያሳይ ፊልም እጄ ገባ። ተኩላ ለሐረር ሰው ምኑም አይደለምና ባነሩ ላይ ጅብ አሣልኩና «ሰው በላው ጅብ! ልበ ደካሞች እንዳይገቡ!» ብዬ ሰቀልኩት። አዳራሹ ሞላ። ምን ዋጋ አለው፣ ሕዝቡ የመጣው ሊፈራ ሳይሆን ሊያርም ነበር። «የጅብ የኋላ እግር እንዲህ ነው እንዴ?» ይላል አንዱ። «ጆሮው የአህያ ነው!» ይላል ሌላው። ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ጫቱን ታቅፎ የሚቀመጥ አንድ መካኒክ ደንበኛ አለኝ፤ እሱ ደግሞ አውሬው ልጅቷን ሊነክስ አፉን ሲከፍት፣ «አቦ አጥንት ስጡት፣ ርቦት ነው!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ስትሞት ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

ሌላ ጊዜ የሰፈራችንን እድር ቃሬዛ ተውሼ በሩ ላይ አቆምኩትና «በድንጋጤ ለሚወድቁ ተመልካቾች የተዘጋጀ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት። ሰው እየተገረመ መግባት ሲጀምር የእድሩ ለፋፊ እያለከለከ መጣ። ለካ እውነተኛ ሟች ተገኝቶ፣ ቃሬዛው ጠፍቶ ሰፈሩ ታምሷል። ወረቀቱን ለመላጥ ጊዜ አልነበረም። ሟቹ «በድንጋጤ ለሚወድቁ ተመልካቾች» እንደተባሉ ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ ይቅርታ ስጠይቅ የእድሩ ዳኛ፣ «ግድ የለም፣ አንተ ስትሞት በምን እንደምንወስድህ እናያለን» አሉኝ።

ይህ ሁሉ ግን ደጉ ዘመን ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ሲኒማውን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ጫት ሻጯ እንኳ በአንድ እጇ እየመዘነች በሌላው እጇ ሰው ሲታረድ ታያለች። እሷን በምን ላስፈራራት? አግዳሚዎቼ ባዶ ሆኑ። መካኒኩ ብቻውን ፊት ተቀምጦ፣ እኔ ብቻዬን ከኋላ ስተረጉምለት፣ ተጣልተው የማይነጋገሩ ባልና ሚስት መሰልን። ባለቤቴ ክፍሉን ለሽንኩርት ነጋዴ እናከራየው ማለት ጀመረች።

«ሲኒማ ቤቴን ለሽንኩርት?» አልኳት።

«ሽንኩርት ቢያንስ ሰው ያስለቅሳል» አለችኝ።

በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለሁ ነው ፊልም በፍላሽ የሚሸጥልኝ የድሬዳዋ ሰው አንድ አዲስ ነገር ያመጣልኝ። «ያስፈራል፣ ወላሂ እኔ ራሴ አልጨረስኩትም» አለኝ። አለመጨረሱ እውነት ነው፤ ማንም ሊጨርሰው አይችልም። በስልክ የተቀረጸ የሚመስል ፊልም ነው። ጥቂት ልጆች ቦርሳ አዝለው በረሃ ያቋርጣሉ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። አሸዋ ይታያል፣ ጫማ ይታያል፣ ሰማይ ይታያል፣ እንደገና ጫማ። ከልጆቹ አንዱ ቢጫ ቲሸርት ለብሷል፤ ከፊት ከፊት ስለሚሄድ የምናየው ጀርባውን ብቻ ነው። ወደ መጨረሻው አንድ ነገር ያሳድዳቸዋል፣ ይሮጣሉ፣ ቢጫ ለባሹ ይወድቃል፣ ወድቆ አንድ ነገር ይናገራል። ከዚያ አውሬው ብቅ ይላል፤ ሲዞር ጀርባው ላይ ዚፑ ይታያል። አለቀ።

ሠሪዎቹ መብራት መከራየት ስላቃታቸው ጨለማ፣ የካሜራ ማቆሚያ ስላልነበራቸው መንቀጥቀጥ ሆነባቸው፤ ይህን ድህነታቸውን «እውነተኛ ነው፣ ከጠፉ ልጆች ስልክ ላይ የተገኘ ነው» ብለው ሸጡት። የሠሪዎቹ ብልሃት አስቀናኝ። እኔም ባነር ቤት ሄጄ ቀይ በጥቁር አሳተምኩ፦

«ከበረሃ የተገኘ ስልክ! የጠፉት ልጆች የመጨረሻ ምስል! መቶ በመቶ እውነት! እንዳይታይ የተፈለገ!»

ባለቤቴ ባነሩን መሬት ላይ ዘርግታ አነበበችው። ከዚያ መልሳ አጠፈችው።

«ይሄን አትስቀል» አለችኝ።

«ለምን?»

«እዚህ አገር በረሃ ሲባል ሰው የሚያስበው ጭራቅ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ ግመል ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። እኔም ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠፋኝም። በኛ በኩል ልጅ በሌሊት ይነሣና፣ ለማንም ሳይናገር፣ ደላላ ተከትሎ በበረሃ ወደ ባሕሩ፣ በባሕሩ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። ታህሪብ ይሉታል። ከጀጎልም ሄደዋል፣ ከሐኪም ጋራም፣ ከሶፊም ከየመንደሩ ሄደዋል። አንዳንዱ ይደውላል፣ አንዳንዱ አይደውልም። ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ባነሩን ሳሳትም በጭንቅላቴ የነበረው የአውሬው ጥርስ እንዴት ይጉላ የሚለው ነበር። የተራበ ሰው ከሥራው ሌላ ነገር አይታየውም።

ሰቀልኩት። ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ ባጃጅ ላይ ሞንታርቦውን አስሬ፣ ሙሾ የሚያወርድ ሰው ድምፅ አውጥቼ ፈረስ መጋላን ዞርኩት። የገበያ ቀን ነው፣ ገበሬው ሁሉ ከተማ ወጥቷል። ወትሮ ሳልፍ «ደግሞ ምን ዋሸህ?» የሚሉኝ ሰዎች ያን ቀን ዝም ብለው ባጃጁን በዓይናቸው ተከተሉት። አሪፍ ሠርቻለሁ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። መሙላት ስላችሁ አሥር ሺህ ሰው ገባ ለማለት አፌን እየበላኝ ነው፤ ግን በጤነኛ ቋንቋ፣ አግዳሚዎቹ ሞልተው ከኋላ ሰው ቆመ። አገባባቸው ግን ሌላ ነበር። ሻርፕ የተከናነቡ ሴቶች መጡ፤ እኔ ጋ ሴት መጥታ አታውቅም። ጫት የያዘ ጥቂት ነው። ማንም ጮክ ብሎ አላወራም።

አንድ አዛውንት ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ። ሽርጥ ታጥቀዋል፣ ትከሻቸው ላይ የቀረ የጫት ማሰሪያ ገለባ አለ። ከሶፊ በእግራቸው ገብተው የጫት ሸክማቸውን እንደሸጡ መምጣታቸው ነው። በሩ ላይ ባለቤቴን ሰላም አሏትና፣

«ስልኩ የማን ነው?» ብለው ጠየቋት።

ባለቤቴ ወደኔ አየች። እኔ የንግድ ሰው ነኝ፤ «ገብተው ይዩ አባባ፣ ሁሉንም ያሳያል» አልኳቸው። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ቪዲዮ ቤት ጫማውን አውልቆ የገባ ሰው ከሳቸው በፊት አላየሁም። ፊት ወንበር ላይ፣ ከመካኒኩ አጠገብ ተቀመጡ።

ፊልሙ ተጀመረ። አንድም ሰው አልተሳደበም፣ አንድም ሰው አላፏጨም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሽ ሙሉ ሰው የኔን ድምፅ እየሰማ ዝም አለ። ይህ ዝምታ ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ፤ ሰከርኩ። አስፈራኋቸው፣ በመጨረሻ አስፈራኋቸው እያልኩ ማይኩን አፌ ውስጥ ልከተው ደረስኩ። ልጆቹ አንድ ቃል ሲተነፍሱ እኔ አሥር አደርገዋለሁ። ቢጫ ለባሹ ወድቆ፣ ድምፁ በነፋስ ተሸፍኖ ያችን አንድ ነገር ሲናገር ጊዜ፣ ድምፄን ሰበር አድርጌ፣ እያቃሰትኩ፣

«ለአባቴ ንገሩት... ሳልሰናበተው ወጣሁ... ይቅር ይበለኝ...» አልኩ።

ከኋላ አንዲት ሴት አፏን በሻርፗ ያዘች። በልቤ ለራሴ አጨበጨብኩ።

አዛውንቱ ተነሡ። በባዶ እግራቸው ወደ ግድግዳው ሄዱና ፊልሙ ጀርባቸው ላይ እየተንቀሳቀሰ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቢጫው ቲሸርት መዳፋቸው ላይ አረፈ።

«አቁምልኝ» አሉ።

አቆምኩ።

«ወደ ኋላ መልስልኝ።»

መለስኩ። ልጁ ተነሣ፣ ሮጠ፣ ወደቀ።

«እንደገና። አሁን አንተ ዝም በል፣ እሱን አሰማኝ።»

ማይኩን አስቀመጥኩ። ያለ እኔ ፊልሙ ነፋስና ትንፋሽ ብቻ ነው። አዛውንቱ ጆሯቸውን ሞንታርቦው ላይ አስጠግተው ቆዩ።

«አረማመዱ የሱ ነው» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን። «ሲሮጥ ቀኝ ትከሻው ይወርዳል። ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ፤ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ዓይናቸውን ስለወጋቸው በእጃቸው ከለሉት። «ልጄ ነው። ከረመዳን በፊት ነው የወጣው። ስልክ እንኳ አልደወለም። ንገረኝ፣ ስልኩን ማን አገኘው? በየት በኩል ነው የወደቀው? ሰው ቀበረው ወይ?»

እንግዲህ እኔ ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነኝ። በቀብር ላይ ሳይቀር ቀልድ አላጣም። ያን ጊዜ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ በሰው መሀል አልፌ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ ልጅዎ አይደለም። ይሄ ፊልም ነው። ፈረንጆች የሠሩት ነው። እውነት አይደለም።»

«መቶ በመቶ እውነት ብለህ ጽፈሃል።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ባጃጅ ላይ ስትጮህ ሰምቼሃለሁ። እንዳይታይ የተፈለገ ነው ብለሃል።» ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማን አስፈራራህ? ደላሎቹ ናቸው? አትፍራ። እኔ ለማንም አልናገርም። መቃብሩን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ወላሂ አባባ፣ ማንም አላስፈራራኝም።» ክርስቲያን ነኝ፣ ግን በዚያች ሰዓት በሳቸው መሐላ ማልኩ።

መካኒኩ ከወንበሩ፣ «አቦ አንተ ደግሞ!» አለ። «ሁሌ እውነት ነው ትለናለህ፣ እኛ እንስቃለን። ዛሬ ውሸት ነው ስትለን በምን እንመንህ?»

ማንም አልሳቀም፤ እሱም ሊያስቅ ብሎ አልነበረም። ወደ ፕሮጀክተሩ ሮጥኩ። አውሬውን ባሳያቸው ይገባቸዋል ብዬ አሳለፍኩትና ዚፑ ላይ አቆምኩት።

«ይኸው! ዚፕ! ሰው የለበሰው ልብስ ነው፣ ያዩታል አባባ?»

አዛውንቱ ዚፑን አዩት። «እሱማ አንተ የቀጠልከው ነው» አሉ። «ይሄ ሰው ፊልም ላይ ሌላ ፊልም ይቀጥላል ብለው ነግረውኛል።»

እውነት ነው፣ እቀጥላለሁ። ፊልሙ አጭር ሲሆንብኝ ከሌላ ፊልም ጭራቅ ቆርጬ አስገባለሁ፤ ይህንንም በኩራት ያወራሁት እኔው ነኝ። ሰው በገዛ ወሬው ሲታሰር ገመዱን የሚፈታለት የለም።

«ሌላም ነገር አለ» አሉ አዛውንቱ። «ሳልሰናበተው ወጣሁ ብሏል። እኔና ልጄ በዋዜማው ተጣልተን ነበር። ጠዋት ልቀሰቅሰው ስገባ የለም። ሳይሰናበተኝ መውጣቱን ከኔና ከእናቱ በቀር ማን ያውቃል? ፈረንጅ ከየት ሰምቶ ነው?»

ከኋላ ያችው ሴት ማልቀስ ጀመረች። ቀጥሎ ሌላዋ። ከዚህ አገር ልጅ የሚሰናበት አለ እንዴ? ሁሉም ሳይሰናበት ነው የሚሄደው። ያን ቃል የመረጥኩት ለሁሉም የሚሆን ስለሆነ ነው፤ ባነር የምጽፍ ሰው ነኝ፣ የትኛው ቃል የት እንደሚነካ አውቃለሁ።

«እሱን ልጁ አላለውም አባባ» አልኩ። «እኔ ነኝ ከልቤ ያወጣሁት።»

«ታዲያ ምን አለ?»

ማይኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

«ያላለውን ካወቅህ ያለውን ታውቃለህ» አሉኝ። «ምን አለ ልጄ?»

አዳራሹ ሁሉ ወደኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ። ፕሮጀክተሩ ያስነጥሳል። ውሸት እንኳ አልመጣልኝም፤ ለወትሮው ሳልጠራው የሚመጣው ውሸት ያን ጊዜ ጥሎኝ ጠፋ።

ባለቤቴ የትኬት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ገባች። ሳንጋባ በፊት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራ ነበር፤ ቱሪስት ስታስተናግድ ነው ያገኘኋት። የአዛውንቱን ክንድ ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው።

«መልሰው» አለችኝ።

መለስኩት። ልጁ ወደቀ፣ ተናገረ። እሷ ጎንበስ ብላ ሰማች።

«አንዴ ድገመው።»

ደገምኩት። ከዚያ አዛውንቱ ፊት ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ ‹ባትሪው አለቀ› ነው የሚለው። የእጅ ባትሪ ይዟል፣ እሱ ነው ያለቀው። ‹አለቀ፣ ባትሪው አለቀ› ይላል። ሌላ ነገር የለውም።»

«ስለ አባቱ?»

«ምንም አላለም።»

«ሳልሰናበተው...»

«እሱን ያለው ባለቤቴ ነው አባባ።»

አዛውንቱ ግድግዳው ላይ ወደ ቆመው ቢጫ ቲሸርት ቀና ብለው አዩ። መካኒኩ ጫቱን ከጉንጩ አውጥቶ በእጁ ይዞ ነበር።

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው የወደቀው የኔ ልጅ አይደለም» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»

ፊታቸው በራ። እንደዚያ ሲበራ ያየሁት የሰው ፊት ጥቂት ነው። ግን ብርሃኑ አልቆየም፤ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ልጃቸው እዚያ ካልወደቀ የት እንደሆነ እንደገና የሚያውቅ የለም ማለት ነው። መጥፎም ቢሆን አንድ ቦታ አግኝተው ነበር፣ እጃቸውን ዘርግተው ነክተውት ነበር። እኔ በባጃጅ ዞሬ መቃብር ሸጥኩላቸው፤ መልሼ ደግሞ ቀማኋቸው።

ሰው አንድ በአንድ ወጣ። ማንም ገንዘቤን መልስ አላለም፤ ማንም አልሰደበኝም። ስድብ ናፈቀኝ ብል ታምኑኛላችሁ? ሴቶቹ ሲወጡ ባለቤቴን ብቻ ተሰናበቱ። እኔ ባነሩን ለማውረድ ወንበር ላይ ወጣሁና ገመዱ አልፈታ ቢለኝ በጥርሴ በጠስኩት።

አዛውንቱ ጫማቸውን ሲያደርጉ አገኘኋቸው። «ልሸኝዎት» አልኩ። አልከለከሉኝም። ሽቅብ ወደ ፈረስ መጋላ ወጣን። በመንገዱ ጠባብነት እኔ ከኋላ፣ እሳቸው ከፊት ነበሩ፤ እየሄዱ ቀኝ ትከሻቸው ዝቅ ዝቅ ይላል። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ነው ያሉት የአባቱ አረማመድ ነበር። አልነገርኳቸውም።

ወደ ሶፊ የሚሄደው መኪና ሰው እየጫነ ነበር። በሩ ላይ እግራቸውን አሳርፈው ዞሩ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ሌላ ስልክ ቢገኝ» አሉኝ፣ «እውነተኛው፣ ትጠራኛለህ?»

«እጠራዎታለሁ አባባ።»

«ኢንሻአላህ በል።»

«ኢንሻአላህ።»

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ቆም አሉ። ረዳቱ «አባባ ይግቡ፣ ይግቡ!» እያለ በሩን ይመታል።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «ልጁ ያለው ‹ባትሪው አለቀ› ከሆነ፣ መጀመሪያ ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም? ያን ያህል ሰዓት እንደዚያ አቁመህ አየኸኝ። ሚስትህ እስክትመጣ ለምን ጠበቅህ?»

እዚህ ላይ ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። ደነገጥኩ ማለት እችል ነበር፣ ድምፁ አልሰማኝም ማለት እችል ነበር። ረዳቱም መካኒኩም ከኋላ እየሰሙ ነበር፤ መካኒኩ ለካ ተከትሎን መጥቷል።

«አላውቀውም ነበር አባባ» አልኳቸው። «እንግሊዝኛ አልችልም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

አዛውንቱ ገቡ፣ መኪናው ሄደ። ነገሩ ይኸው ነው። ፂሜ የሸበተ፣ ሐረር ሙሉ «ተርጓሚው» ብሎ የሚጠራኝ ሰው ነኝ፤ ከምተረጉመው ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር አልሰማም፣ ሰምቼም አላውቅም።